ማጥፊያው የት ነው?

አዲስ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለሙያው አምፖሉን ከመስቀሉ በፊት ግድግዳው ላይ የማብሪያ ማጥፊያውን ቦታ ያዘጋጃል። እንበልና አንዱ መጥቶ፣ «መብራቱን አስገባላችኋለሁ፤ ማጥፊያ ግን የለውም። አንዴ ከበራ ቀንም ሌሊትም እንደበራ ይኖራል» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ብዙ ዘመን በጨለማ የኖረ ሰው «ግድ የለም፣ ብቻ ይብራልኝ» ይል ይሆናል። ሌላው ደግሞ «ማጥፊያ የሌለውን ነገር ቤቴ አላስገባም» ይላል። ሁለቱንም ልንወቅሳቸው አንችልም።

ከዚህ በታች የምታነቡት ታሪክ የዚሁ ጥያቄ ታሪክ ነው። ቤቱ የሰው አንጎል፣ መብራቱ ጂን፣ መብራቱን ይዞ የሚገባው ደግሞ ቫይረስ ነው። ስለ ጂን ሕክምና ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው እንዴት እንደገባ ነው። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት፣ ከገባ በኋላ እንዴት እንደሚገታ ለማወቅ ሰዎች ስለደከሙት ድካም ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሩን የሚያውቅ እንግዳ

ጂን ማለት ሕዋስ አንድን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር መመሪያ ነው። መመሪያው ሲጎድል ወይም ሲበላሽ ፕሮቲኑ ሳይሠራ ይቀራል፤ ሰውም ይታመማል። የጂን ሕክምና ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ነው፤ ጤነኛውን መመሪያ ወደ ሕዋሱ ማስገባት ነው። ችግሩ ሕዋስ በሩን ለማንም አለመክፈቱ ነው። ይህን በር ጠንቅቆ የሚያውቀው ቫይረስ ነው፤ ኑሮው ሁሉ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የራሱን መመሪያ ማስቀመጥ ነውና። ስለዚህ ተመራማሪዎች የቫይረሱን መመሪያ ከውስጡ አውጥተው፣ በምትኩ ለሕመምተኛው የሚያስፈልገውን ጂን አስገብተው መላክ ጀመሩ። እንዲህ ዓይነቱን ተሸካሚ ቫይረስ እንበለው።

ዛሬ ለአንጎል ሕክምና በብዛት የሚሠራበት ተሸካሚ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። በ1965 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት አትቺሰንና ባልደረቦቻቸው አዴኖ የተባለውን ቫይረስ ሲመረምሩ በመካከሉ እጅግ ትንንሽ ቅንጣቶች ተመለከቱ። ቅንጣቶቹ ብቻቸውን መራባት የማይችሉ፣ የአዴኖን እርዳታ የሚጠብቁ ሌላ ቫይረስ ሆነው ተገኙ። ስሙም በአጭሩ ኤ.ኤ.ቪ. ተባለ። በሰው ላይ የሚያመጣው በሽታ ለረጅም ጊዜ አልተገኘም ነበር። ብዙ ሰው ያላተኮረበት ይህ ትንሽ ቫይረስ በ1984 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጂን ተሸካሚ ሆኖ ማገልገል እንደሚችል ታየ።

የመግባቱ ጥያቄ በዚህ መልክ መልስ እያገኘ ሄደ። የመቆጣጠሩስ? ይህን አስቀድመው ያነሡ ሰዎች ነበሩ። በ1972 ቴዎዶር ፍሪድማንና ሪቻርድ ሮብሊን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የጂን ሕክምና ወደፊት ሰውን ሊጠቅም እንደሚችል ገልጸው ምርምሩ እንዲቀጥል ደገፉ፤ ለጊዜው በሰው ላይ መሞከሩን ግን ተቃወሙ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የጂን ሥራ በሰው ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚገዛ ገና በቂ እውቀት የለንም የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ሲጻፍ በዓለም ላይ የተሳካ አንድም የጂን ሕክምና አልነበረም። ሰዎቹ የበሩ ቁልፍ ሳይገኝ ስለ ማጥፊያው አሰቡ።

የ18 ዓመቱ ወጣት

በ1999 ጄሲ ጌልሲንገር 18 ዓመቱ ነበር፤ የብዙዎቻችሁ እኩያ ማለት ነው። የአሜሪካ አሪዞና ግዛት ልጅ ነው። ጉበቱ አሞኒያን ከደም ለማጽዳት የሚያስፈልገው አንድ ኢንዛይም ይጎድለው ነበር። ቢሆንም በምግብ ጥንቃቄና በየቀኑ በሚውጣቸው ኪኒኖች ይኖር ነበር። በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው የጂን ሕክምና ሙከራ ሲሳተፍ ለራሱ ፈውስ ቃል አልተገባለትም። ሙከራው የሕክምናውን ደኅንነት ለመለካት የታቀደ ነበር፤ ጥቅሙ የታሰበው በዚያው ሕመም በከባዱ ተይዘው ለሚወለዱ ሕፃናት ነው። ጄሲ ይህን እያወቀ ፈቀደ።

ሴፕቴምበር 13 ቀን ጂኑን የተሸከመ አዴኖ ቫይረስ ወደ ጉበቱ በሚወስደው የደም ሥር ተሰጠው። ሰውነቱ የመጣለትን እንግዳ እንደ ወራሪ ጦር ቆጠረው። የመከላከያ ኃይሉ ከልክ አለፈ፤ የውስጥ አካላቱ እየተከታተሉ ሥራ አቆሙ። ሴፕቴምበር 17 ቀን አረፈ። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ የገባውን መልሶ ማውጫ መንገድ አልነበረም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ሆነ።

በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ቀደም ሲል በጦጣዎችና በሌሎች ተሳታፊዎች ላይ ስለታየው ጉዳት ለልጁና ለቤተሰቡ በሚገባ እንዳልተነገራቸው ታወቀ። ይህ ሞት የጂን ሕክምናን ለዓመታት ወደ ኋላ ጎተተው። ትምህርቱም ድርብ ነበር። የማይመለስ ነገር ሲደረግ አካሉን የሚሰጠው ሰው ሁሉንም ማወቅ አለበት፤ ሐኪሙም «እንዴት አስገባዋለሁ?» ብቻ ሳይሆን «ቢከፋ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አንጎል ለምን ይለያል?

ጄሲ የታከመው ጉበቱን ነው። በአንጎል ጊዜ ጥያቄው ይብሳል። በደምና በአንጎል መካከል ጥብቅ ግርዶሽ ስላለ በደም ሥር የሚሰጥ አብዛኛው ነገር ወደ ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የራስ ቅል ተበስቶ፣ ቫይረሱ በቀጭን ቱቦ እስከሚፈለገው ቦታ ድረስ መድረስ አለበት። ከዚያም በላይ የነርቭ ሕዋሳት እንደ ቆዳ ሕዋሳት እየተከፈሉ አይተካኩም። አንድ የነርቭ ሕዋስ ከልጅነት እስከ እርጅና አብሮን ይኖራል። ኤ.ኤ.ቪ. በውስጡ ያስቀመጠው ጂንም አብሮት ለዓመታት ይሠራል። ጂኑ መልካም ከሠራ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ አንድ ቀን ተደርጎ ለዓመታት የሚያገለግል ሕክምና ማለት ነውና። ካጠፋ ግን ጥፋቱም የዓመታት ነው።

የፓርኪንሰን ሕመም ሐኪሞች ይህን ልዩነት ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። በ1987 በፈረንሳይ ግሮኖብል ከተማ አሊም ሉዊ ቤናቢድ በአንጎል ጥልቀት ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ በማስገባት የእጅ መንቀጥቀጥን በኤሌክትሪክ መግታት ጀመሩ። የዚህ ሕክምና ትልቁ ጸጋ ማጥፊያ ያለው መሆኑ ነው። ኤሌክትሪኩ ቢበዛ ይቀነሳል፤ ቢያስቸግር ይጠፋል።

ኦገስት 18 ቀን 2003 በኒው ዮርክ ማይክል ካፕሊትና ማቲው ዱሪንግ በፓርኪንሰን ሕመም ለሚሠቃይ ሰው የመጀመሪያውን የጂን ሕክምና በአንጎል ውስጥ ሰጡ። የታለመው ቦታ ኤሌክትሮድ የሚገባባት፣ ከአንዲት ባቄላ የማትበልጥ የአንጎል ክፍል ነበረች። በዚህ ሕመም ይህች ክፍል ከልክ በላይ ትነቃለች፤ የተላከው ጂን ደግሞ የሚያረጋጋ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ሙከራ የተሳተፉት 12 ሰዎች ሲሆኑ፣ ሁሉም የታከሙት በአንጎላቸው አንድ ጎን ብቻ ነበር። ማጥፊያ የሌለው መብራት ሲገባ ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ብቻ ይብራ እንደማለት ነው። በ2007 የወጣው ውጤት ሕክምናው በእነዚያ ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት እንዳላደረሰ አሳየ። ከዚያ በኋላ በ45 ሰዎች ላይ በተደረገው ሙከራ ጂኑን ያገኙት የተሻለ ለውጥ አሳዩ፤ ለይስሙላ ብቻ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውም ግን በመጠኑ ተሻላቸው። ተስፋ ራሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ ትመለከታላችሁ፤ ሐኪም የራሱን ተስፋ እንኳ መመርመር ያለበትም ለዚህ ነው።

ደግ ነገር ሲበዛ

«የምናስገባው ደግ ነገር ከሆነ ማጥፊያ ምን ያደርጋል?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሰጡት የስዊድን አይጦች ናቸው።

በ1993 በኮሎራዶ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በፓርኪንሰን ሕመም የሚሞቱትን የነርቭ ሕዋሳት የሚመግብና የሚጠብቅ አንድ ፕሮቲን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ጂ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ይሉታል። በላቦራቶሪ እየጠወለጉ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት በእርሱ ሲያብቡ ታዩ። ከዚህ የሚሻል ምን ይመኛሉ? በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን ፕሮቲን ጂን በተሸካሚ ቫይረስ ወደ አይጦች አንጎል ላኩት። ሕዋሳቱ ከሞት ተጠበቁ። ፕሮቲኑ ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲመረት ግን ያልተጠበቀ ነገር መጣ። የነርቮቹ ቅርንጫፎች በማይገባቸው ቦታ ማቆጥቆጥ ጀመሩ፤ ዶፓሚን ለመሥራት የሚያስፈልገው ኢንዛይምም ቀነሰ። የዳኑት ሕዋሳት ሥራቸውን በሚገባ መሥራት አቃታቸው።

ዝናብ ለእርሻ ሕይወት ነው፤ በመኸር ጊዜ ሳያባራ ሲቀር ግን አዝመራውን ያበሰብሰዋል። አንጎልም የሚኖረው በመጠን ነው። ስለዚህ መጠንና ጊዜ የሌለው ሕክምና፣ ደግ ሆኖ ሳለ ጎጂ ሊሆን ይችላል።

ከዓይን ቅባት ጋር የሚዛመድ ማጥፊያ

ወደ ጀርመን ልውሰዳችሁ። በ1992 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ማንፍሬድ ጎሰንና ሄርማን ቡያርድ ለጂን ማብሪያ ማጥፊያ መሥራታቸውን በጽሑፍ አስታወቁ። የማጥፊያው ቁልፍ የመረጡት መድኃኒት ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ ቴትራሳይክሊን ነው። እናቶቻችን ለዓይን ሕመም በትንሿ ቱቦ የሚገዙት፣ ትራኮማን ለመከላከል በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ቅባት ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ይህን መድኃኒት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች አንድ ዘበኛ ፕሮቲን አላቸው። መድኃኒቱ በሌለበት ዘበኛው የመከላከያ ጂናቸው በር ላይ ተቀምጦ ይዘጋዋል፤ መድኃኒቱ ሲመጣ ይለቅቃል። ጎሰንና ቡያርድ ይህን ዘበኛ ወስደው፣ በተለምዶ ምች የምንለውን የከንፈር ቁስል ከሚያመጣው ቫይረስ የተገኘ ጂን ቀስቃሽ ቁራጭ ቀጠሉበት። ዘጊው ከፋች ሆነ። አሁን ዘበኛው በሩ ላይ ሲቀመጥ ጂኑ ይሠራል፤ ቴትራሳይክሊን ሲሰጥ ዘበኛው ይነሣና ጂኑ ያርፋል። በ1995 ደግሞ ተቃራኒውን ሠሩ። ዶክሲሳይክሊን የተባለው የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ሲሰጥ ጂኑ ይበራል፤ ሲቋረጥ ይጠፋል።

ይህ ማብሪያ ማጥፊያ በዓለም ዙሪያ በብዙ ላቦራቶሪዎች ገባ። ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ግን ቀና አልሆነም። በጦጣዎች ጡንቻ ሲሞከር፣ የሰውነት መከላከያ ዘበኛው ፕሮቲን የቤት ልጅ አለመሆኑን እየለየ ያጠቃው ጀመር። ማጥፊያው ራሱ እንግዳ ሆነ።

ሌላ መንገድ ያበጁም አሉ። በ2010 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የሚፈለገውን ፕሮቲን በቀላሉ ከሚፈርስ ሌላ ቁራጭ ጋር አጣመሩት። ሕዋሱ እንደ ብልሹ ዕቃ ቆጥሮ ወዲያው ያፈርሰዋል። ትራይሜቶፕሪም የተባለው መድኃኒት ሲሰጥ ግን ቁራጩ ይጸናል፤ ፕሮቲኑም ይተርፋል። ትራይሜቶፕሪም በአገራችን ፋርማሲዎች ሁሉ የሚገኘው የኮትሪሞክሳዞል አንዱ ክፍል ነው፤ ወደ አንጎልም መግባት ይችላል። በ2013 የሉንድ ተመራማሪዎች ያንኑ ያስቸገራቸውን ጂ.ዲ.ኤን.ኤፍ. በዚህ መንገድ በአይጦች አንጎል ውስጥ መቆጣጠር እንደቻሉ አሳዩ። አይጦቹ መድኃኒቱን ሲያገኙ ፕሮቲኑ ተመረተ፤ ሲቋረጥባቸው ቀነሰ።

ኪኒኑን የሚውጠው ሰው

በሰው አንጎል ውስጥስ እንዲህ ዓይነት ማጥፊያ ተሞክሮ ያውቃል? አዎን፤ ያውም እጅግ ከባድ በሆነ ሕመም። ግሊዮብላስቶማና መሰሎቹ የአንጎል ካንሰሮች በቀዶ ጥገና ከወጡ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። ኢንተርሊውኪን 12 የተባለ ፕሮቲን የሰውነትን መከላከያ በካንሰር ላይ ያስነሣል። ኃይሉ ግን አስፈሪ ነው። በ1990ዎቹ በቀጥታ በደም ሥር ሲሰጥ ሕሙማንን ለሞት አድርሶ ነበር።

በቦስተን የሚሠሩት ሐኪም አንቶኒዮ ኪዮካና ባልደረቦቻቸው በ2019 ባወጡት ጥናት የ31 ሕሙማንን ታሪክ አቀረቡ። ዕጢው በቀዶ ጥገና ከተነሣ በኋላ፣ የዚህን ፕሮቲን ጂን የተሸከመ ቫይረስ በቀረው ቦታ ዙሪያ ተወጋ። ጂኑ ግን ብቻውን ዝም ብሎ ይቀመጣል። የሚነሣው ሕመምተኛው ቬሌዲሜክስ የተባለውን መድኃኒት ሲውጥ ነው። መድኃኒቱ ሲጨምር ፕሮቲኑም ጨመረ። በአንዳንዶቹ ላይ የመከላከያ ኃይላቸው ከልክ ሲያልፍ መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ ሕመሙም ተመለሰላቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉና በ1999 በፔንሲልቬንያ የሆነውን አስታውሱ። ቫይረሱ፣ ጂኑና ሕመሙ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ «ይህ ቢኖር ኖሮ ጄሲ ይድን ነበር» ማለት አንችልም፤ ሊጎዳው የበቃው ቫይረሱ ራሱ ነበርና። ነገር ግን በዚያ ጊዜ በሐኪሙ እጅ ያልነበረ አንድ ነገር አሁን አለ፤ «ኪኒኑን አቁሙ» ማለት ይቻላል። ይህ ሙከራ የአንጎል ካንሰርን ድል አልነሣም፤ ብዙዎቹ ሕሙማን በሕመሙ አረፉ። ማጥፊያው ግን በሰው አንጎል ውስጥም ሊሠራ እንደሚችል አሳየ።

ማጥፊያ ሳይኖር

ታሪኩን እዚህ ብጨርሰው የዋሸሁ ያህል ነው። በታይዋን ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የታከሙ ሕፃናት ታሪክ ይቀራልና።

እነዚህ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ ዶፓሚንን የሚሠራ ኢንዛይም የላቸውም። አንገታቸውን ቀና ማድረግ አይችሉም፤ መቀመጥና መናገርም አይሆንላቸውም። ዓይናቸው ወደ ላይ ተገልብጦ ለሰዓታት የሚቆይበት ሥቃይ አለባቸው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ይሞታሉ። ሐኪሙ ሁ ዉሊያንግና ባልደረቦቻቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት ለሆናቸው አራት ልጆች የጎደለውን ጂን በኤ.ኤ.ቪ. አድርገው በአንጎላቸው ውስጥ አስቀመጡ። ማጥፊያ አልነበረውም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጆቹ ላይ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የሰውነት እንቅስቃሴ መጣ፤ ቤተሰብና ሐኪም ተጨንቀው እስኪያልፍ ከመጠበቅ ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። አለፈ። በ2012 በወጣው ዘገባ መሠረት አንዱ ልጅ ከ16 ወራት በኋላ መቆም ቻለ፤ ሦስቱ ተደግፈው ተቀመጡ። ሕክምናው በ2022 በአውሮፓ፣ በኖቬምበር 2024 ደግሞ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

እነዚያ ወላጆች «ማጥፊያው እስኪሠራ እንጠብቅ» ቢሉ ልጆቻቸው የመጠበቂያ ዕድሜ አልነበራቸውም። መግቢያዬ ላይ በጨለማ የኖረውን ሰው አንስቼላችሁ ነበር፤ እርሱ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ «ማጥፊያ የሌለው ሁሉ ክልክል ነው» የሚል ሕግ ላወጣላችሁ አልችልም። የታይዋኑ ጂን የሚተካው ፈጽሞ የጎደለን ነገር ነው፤ በሉንድ የታየው ደግሞ ያለውን ከልክ በላይ መጨመር ነበር። የጎደለውን መሙላትና የሞላውን ማፍሰስ አንድ አይደለም። ይህን መለየት ማስተዋል ይጠይቃል፤ ማስተዋልም በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም ተመራማሪ ትሆናላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማችሁ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስምምነት ወረቀት ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ተርጉሙ ትባላላችሁ። እርሳቸውም «አንተ ካልክ፣ አንቺ ካልሽ ይሁን» ብለው እስክሪብቶውን ያነሣሉ። ያን ጊዜ ሕክምናው ሊያደርግ የሚችለውን መልካም ነገር የሚነግራችሁ አይጠፋም። እናንተ ግን በትሕትና አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ይህ ነገር ቢያስቸግር እንዴት ይቆማል?» በሉ።

መልሱ «ይህን ኪኒን በማቋረጥ» ሊሆን ይችላል። «አይቆምም» ሊሆንም ይችላል። «አይቆምም» የሚለውን መልስ ሰምቶ፣ አመዛዝኖና ዋጋውን አውቆ የሚፈርም ሰው ከነክብሩ ፈርሟል። ሳይነገረው የፈረመ ሰው ግን የፈረመው በባዶ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን ከመስጠታችሁ በፊት መልሱን ለእናታችሁ በአማርኛ ንገሯቸው።